እድራችንና ወግ አጥባቂዎቹ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዓይኔ ብርሃን ኤልናታን፣

የአርባ ምንጭ ሙቀት በረታብኝ ብለሃልና ውሃ በደንብ ጠጣ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ያላወራሁህ ከጎረቤቴ ከሉሲ ጋር ግድግዳችን አንድ ስለሆነና የምናገረው ሁሉ ስለሚሰማት ነው።

ሥራህን ለቀህ መጥተህ በሠፈራችን ለምርጫ ልትወዳደር እንዳሰብክ የሰማሁት ከአንተ ሳይሆን ከአቶ መኳንንት ነው። ለእናትህ ያልነገርከውን ለእሳቸው ማን አደረሰው? ከዚያ ወዲህ ሉሲ በየቀኑ ሾርባ ታመጣልኛለች። ድሮ ሰላምታ እንኳ ይከብዳት ነበር። ሾርባውን እጠጣለሁ፤ እሷን ግን ለአቶ መኳንንት ወሬ ታደርሳለች ብዬ አላምናትም።

ወግ አጥባቂው ፓርቲ እዚህ በምን እንደሚያሸንፍ ስትጠይቀኝ ኖረሃል። በንግግር እንዳይመስልህ። አቶ መኳንንት ለፓርቲው ከመወዳደራቸው ብዙ ዓመት በፊት የእድራችን ሊቀመንበር ነበሩ። ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚገቡት፣ ከሁሉ ኋላ የሚወጡትም እሳቸው ናቸው። አዲስ ነገር ቃል አይገቡም። "የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን እንዳትጥሉ" ይሉናል፤ ለእኛ ለአሮጊቶቹ ይኸው ይበቃናል።

ባለፈው ምርጫ ዋዜማ እድሩን ሰበሰቡ። ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አዲሱን ድንኳን አሳዩን፣ የእያንዳንዳችንን ጤና ጠየቁና ሸኙን። እኔ የፈራሁት ያንን ዝምታ ነው። ድምፅ ምስጢር ነው ይባላል፤ አባትህን ተሸክሞ የቀበረ ሰው ፊት ግን ምን ምስጢር አለ?

ሰኞ ደግሞ ቤት ድረስ መጡ። ጉልበቴን ጠይቀው ሲያበቁ በር ላይ ቆም አሉና፣ "እትዬ ሸዋገነት፣ ልጅዎ ይወዳደር፤ መብቱ ነው። እኛ እርስዎን የምናይበት ዓይን አይለወጥም" አሉኝ። ካላሰቡት ለምን አነሱት?

ልጄ፣ ና፣ ተወዳደር። አልከለክልህም፤ እኮራብሃለሁም። እሳቸው ብዙ ዘመን ተቀመጡ፣ መለወጥ አለባቸው ብትልም እውነትህን ነው። ግን አርጅቻለሁ። የሞትኩ ቀን አንተ አጠገቤ ብትሆንም፣ የሬሳ ሳጥን በአንድ ሰው ትከሻ አይነሳም። እና ድምፅህን ስትገምት የእናትህን አትደምር። ይህን ስጽፍልህ አፍራለሁ።

ምርቃቴን ግን አልነፍግህም። ያሰብከው ይሙላልህ፤ እግርህን እንቅፋት አይምታው።

እናትህ ሸዋገነት