በኢቃማ ላይ ወንድ ላደረጉኝ ለአቶ ኸሊፋ

ለተከበሩ አቶ ኸሊፋ፣
በድርጅታችን የሐበሻ ሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ፤
ደማም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ ወገብዎንም ከዚያ ከማይነሡበት ወንበር ጣጣ ያውጣልዎ። እኔ ሬሀና ነኝ፤ ኹበር በሚገኘው የሠርግ አዳራሽ በሴቶቹ በኩል እንግዳ የማስተናግደው። ባለፈው ረመዳን የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ሲያሳድሱ ስሜን ከሹፌሮቹ ስም ጋር ደርበው ስላስገቡት፣ እነሆ በመንግሥት መዝገብ ወንድ ሆኛለሁ። ሳልለምንዎ ለሰጡኝ ሹመት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ደክሞኛልና ጥቂት አቤቱታ በአደባባይ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ የሴቶቹ በር ጠባቂ ረምዚያ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የምታውቀኝ ብትሆንም፣ ስልኳ ኢቃማዬን አንብቦ «ወንድ» ስላላት እያዘነች መለሰችኝ። እርስዎም በርኅራኄዎ ወደ ወንዶቹ አዳራሽ አዛወሩኝ፤ እዚያ ደግሞ ዐባያ ለብሼ ያዩኝ አስተናጋጆች ደንግጠው መልሰው ወደ ውጭ መሩኝ። አሁን ሠርግ ባለ ቁጥር ከሁለቱ በሮች መሐል መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ፈረቃዬን እጨርሳለሁ።

ሁለተኛ፣ የሥራ ጓደኞቼ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሲሳሳቁ ቆይተው እኔ ስገባ ጀርባቸውን ማዞር ጀምረዋል። አንዷማ ሻሿን ሳብ አድርጋ ተሸፈነችብኝ። ኋላ ላይ ቀልድ ነው ብላኛለች፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ሦስተኛ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ መውለጃዬም ተቃርቧል። ኢንሹራንሱ ወንድ አናዋልድም ብሏል። የወሊድ ፈቃድ ስጠይቅዎ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ሴት መሆንሽን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት አምጪ» አሉኝ። ሄድኩ። የሴቶቹ ክፍል ለወንድ ካርድ አላወጣም አለ፤ የወንዶቹ ሐኪም ሆዴን አይቶ አስተግፊሩላህ አለና ፊቱን አዞረ። ቱቅባ ሰፈር ልብስ የሚሰፋው ባለቤቴ ኸጣብ ሊመሰክርልኝ ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን በመዝገቡ መሠረት ያገባው ወንድ ስለሆነ፣ ቢሮዎ መጥቶ «ባሏ ነኝ» ማለቱን ፈራ። በዚህ አገር ይህ የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ማስተካከያው የእርስዎን አንድ ደብዳቤ ብቻ እንደሚፈልግ ሰምቻለሁ። ደብዳቤውን ከጻፉ አሠሪያችን ካፊሉ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ እንደሚያመነቱም ገብቶኛል፤ ስሙ እንዲነሣ የሚወድ ማን አለ? ለክብርዎ ስል ወንድ ሆኜ ብቆይልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ምጥ ግን የሚጠብቅልኝ አይመስለኝም። ፈርቻለሁ፣ አቶ ኸሊፋ። ምጥ ይዞኝ ሆስፒታል በር ላይ ኢቃማዬን አገላብጠው እንዳይመልሱኝ ፈርቻለሁ።

የሰጡኝን ወንድነት ሳይውል ሳያድር መልሰው እንዲወስዱልኝ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣

ሬሀና ኑህ
በእርስዎ ብዕር ወንድ፣ በአላህ ፈቃድ እናት

ማስታወሻ፦ ልጃችን በሰላም ከተወለደ ወረቀቱን ለማውጣት ደጅዎን መጥናታችን አይቀርም። ያን ጊዜ ወንድ ይሁን ሴት እያሉ እንዳይቸገሩ፤ እኛው ዳይፐሩን ፈትተን፣ አይተን እንነግርዎታለን።