የግራው ኩባያ

ውድ ሕዝቅያስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው ኤዶም ናት። አብሮት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ፤ እሱን ደብዳቤውን ጨርሰህ ክፈተው። ኤዶም ምን እንዳለበት ታውቃለች፣ ግን ቀድማ እንዳትነግርህ ለምኛታለሁ። ከእኔ ከራሴ መስማት ያለብህ ነገር ነው።

ኮዬ ፈጬ እህትህ ቤት እንደገባህና የሴራሚክ ንጣፍ ሥራ እንደጀመርክ ሰምቻለሁ። ሥራ ክቡር ነው፣ ንጣፍ ማንጠፍን አልንቅም። ግን አንተ የመዘምራኑን የድምፅ ሚክሰር ትተህ ንጣፍ የያዝከው እኔ በዋሸሁት ውሸት ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ካዘገየሁት እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሳልጽፈው እቀራለሁ።

መጀመሪያ ቡራዩ ሱቄ የመጣህ ቀን የተሰበረ ሄድፎን በጋዜጣ ጠቅልለህ ነበር። ስፒከሩን ከጀርባ የሚይዘው የፕላስቲክ ኩባያ ለሁለት ተከፍሎ፣ በእንጨት ልትሠራልኝ ትችላለህ ወይ አልከኝ። እኔ በቶርኖ የአልጋና የወንበር እግር የምቀርጽ ሰው ነኝ። ለጆሮ የሚሆን ነገር ሠርቼ አላውቅም። አንተ ግን የሰበታ መዘምራን ዝማሬ በዚህ ሄድፎን ነው የሚስተካከለው ስትል፣ አልችልም ማለት አሳፈረኝና ተቀበልኩህ።

የመጀመሪያውን ከገፈርሳ ባሕር ዛፍ ሠራሁት። በደንብ ሳይደርቅ ስለነበር በታኅሣሥ ነፋስ ተሰነጠቀ፤ ሳይሰነጠቅም «ሲ ሲ ይላል» ብለህ አልወደድከውም። ሁለተኛው ዋንዛ ነበር። ሱቁ በር ላይ ካለችው ግንድ ላይ ተቀምጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ብዙ ሰማኸውና የሰው ድምፅ ያሞቃል፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ግን ያሳብጠዋል አልከኝ። ከዚያ አስረዳኸኝ። ትንሿ ስፒከር ድምፁን ወደ ጆሮ ብቻ አትልክም፣ ወደ ኋላም ትልካለች፤ ከኋላ ያለው እንጨት ጠንካራ ከሆነ ይመልሰዋል፣ ለስላሳ ከሆነ ይውጠዋል፤ ውፍረቱና ጥልቀቱም የራሱ ነገር አለው። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አላመንኩህም። አንዱን አውልቄ ሌላውን ሳደርግ ለእኔ ሁሉም ያው ነበር። በልቤ፣ ጠላ ቀምሶ የጌሾውን አገር እናገራለሁ እንደሚል ሰው ነው የቆጠርኩህ። ቃልህን ግን ወሰድኩት። ደንበኛ ሲመጣ «ለሰው ድምፅ ዋንዛ፣ መሣሪያውን አንድ በአንድ ለሚለይ ወይራ» እያልኩ እንዳንተ ዓይኔን ጨፈን አደርግ ነበር። ሰው ገዛኝ። በማላምንበት ቃል ስም አወጣሁ፣ አብዛኞቹንም ደንበኞች የላክህልኝ አንተ ነህ።

አምና ከፋሲካ በፊት መዘምራኑ ሊቀረጹ ሲዘጋጁ ከወይራ እንድሠራልህ ጠየቅኸኝ። አደራህን፣ ሁለቱም ኩባያ ከአንድ እንጨት ይውጣ፣ ያለዚያ ግራና ቀኙ አይመጣጠንም አልከኝ። እሺ አልኩ። እንደዚያ የደረቀ ወይራ የነበረው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእናቴ የእማማ ተረፈች ሙቀጫ። ሠላሳ ዓመት በርበሬ የተወቀጠበት፣ አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በር ሥር የተቀመጠ ሙቀጫ። አላስፈቀድኳትም። ወደ ዓለም ገና ከተማ ለቅሶ የሄደች ቀን ተሸክሜው ወጣሁ።

ቶርኖው ላይ ሳስረው የሠላሳ ዓመቱ በርበሬ ተነሣ። እኔ እያነጠስኩ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እያሳለው ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ቀኙ ኩባያ አምሮ ወጣ። ግራውን ልጨርስ ስል ቶርኖው ስንጥቁን አገኘውና እጄ ላይ ለሁለት ሆነ። አንተ በማግስቱ ጠዋት ልትወስድ ቀጠሮ ነበረህ። የሙቀጫው መቀመጫ ተርፎ ነበር፣ ግን እሱን ለመሰንጠቅ ሰነፍኩ። ሱሉልታ ከፈረሰ ቤት የገዛሁት የዝግባ በር አጠገቤ ነበር። ከእሱ ቆርጬ ግራውን ቀረጽኩ። ቡናማ የጫማ ቀለም ቀባሁት፣ በጨርቅ ወለወልኩት፣ ዝግባ ቀላል ስለሆነ ክብደቱ እንዲመጣጠን ውስጡ ሁለት የብሎን ዳዶ በማጣበቂያ ለጠፍኩበት። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ማንም አያውቅም አልኩ።

ጠዋት መጣህ፣ ግንዷ ላይ ተቀመጥክ፣ አጠለቅኸው። መጀመሪያ ሳቅክ፤ «ቀኙ ወጥ ወጥ ይሸታል» አልክ። የሙቀጫውን ነገር ነግሬህ አብረን ሳቅን። ከዚያ ዝማሬውን ስትከፍተው ሳቅህ ቆመ። አወለቅኸው፣ አገላብጠህ አየኸው፣ መልሰህ አደረግኸው። ግራው ጨርቅ የለበሰ ይመስላል አልክ። ቀጥለህም ጠየቅኸኝ።

«ዲሬ፣ ሁለቱም ከአንዱ ሙቀጫ ናቸው?»

አይደለም ማለት ይበቃኝ ነበር። ትስቅብኝ ነበር፣ ምናልባት ትቆጣኝ ነበር፣ ሌላ ሠርቼልህ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን «ከአንዱ ናቸው» አልኩህ። ጉድለቱ የጆሮህ ይሁን የዕቃው ለመለየት ግራና ቀኙን ለውጠህ ልታደርገው ስትል ከእጅህ ቀማሁህ። ገመዱ ላልቶ ይሆናል፣ ልየውና ነገ ውሰድ አልኩህ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የሙቀጫውን መቀመጫ ሰንጥቄ እውነተኛውን ግራ ሠራሁ። ሦስት ሰዓት አልፈጀብኝም። ዝግባውን ፈትቼ ወይራውን ገጠምኩ። በማግስቱ ስትመጣ፣ ከፍቼ አየሁት፣ ምንም የለውም፣ ምንም አልነካሁም አልኩህ። ስታጠልቀው እኩል ሆነ። ለውጠህ ስታደርገውም እኩል። ደስ ይልሃል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ፊትህ ግን ጠቆረ።

ለምን እንደጠቆረ አውቅ ነበር። ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ከሽመና ማሽኖቹ ጎን እንደሠራህ ነግረኸኝ ነበር። አብሮህ የሠራ አንድ ሰው ጆሮው አንድ ቀን እየጠፋ፣ አንድ ቀን እየመጣ ቆይቶ በመጨረሻ ጨርሶ እንደሄደም ነግረኸኝ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቆሜ አየሁህ። ትናንትናና ዛሬ ያው ዕቃ ነው ወይ ብለህ ድጋሚ ጠየቅኸኝ። ያው ነው አልኩ። «አሁን ግራውም በርበሬ በርበሬ ይሸታል» አልክ፣ ቀስ ብለህ። ከቀኙ ተጋብቶበት ነው አልኩህ። ጆሮህን መዋሸቴ ሳያንስ አፍንጫህንም ዋሸሁት።

የቀረውን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ቀረጻው ላይ በየመሃሉ ኤዶምን «ይሄ እኩል ነው?» እያልክ ትጠይቅ እንደነበር እሷ ነግራኛለች። አንተ ሚክሰር ያስተማርካት ልጅ ስትጠየቅ ግራ ገብቷት ነበር። ሐኪም ቤት ሄደህ ጆሮህ ደህና ነው ሲሉህም አላመንክም፤ የታየሁት በደህናው ቀን ይሆናል አልክ። በሦስተኛው እሑድ የሚክሰሩን ሣጥን ቁልፍ ለመዘምራኑ መሪ ለአቶ ታመነ አስረከብክ። «ጆሮዬ አንዳንድ ቀን ይዋሸኛል፤ በሚዋሽ ጆሮ የሰው ዝማሬ አላበላሽም» አልካቸው አሉ። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ «ምስኪን፣ ፋብሪካው ጎድቶት ይሆናል» እል ነበር። ከንፈሬን እየመጠጥኩ።

ለምን ዝም አልክ ብትለኝ፣ የመጀመሪያው ቀን እፍረት ነው። አንድ ጊዜ ለመናገር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፣ መንገድ ላይ አግኝተኸኝ አቅፈህ ስለ እናቴ ጤና ስትጠይቀኝ። ከዚያ በኋላ እያደር ከበደኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋቱ በራሱ ይጠራል፣ እውነቱ ግን የሚናገረው ሰው ይፈልጋል። እኔ ያ ሰው ሳልሆን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሄደ።

ባለፈው ማክሰኞ ኤዶም አንተ የተውከው ሄድፎን የጆሮ ትራሱ ተቀዶ ልታሰፋ መጣች። ያ የዝግባ ኩባያ ጠረጴዛዬ ላይ ብሎን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የጫማ ቀለሙ ከአፉ ላይ ለቆ ነጩ እንጨት ብቅ ብሏል። አነሣችው፣ ብሎኖቹን ገለበጠች፣ ቀዳዳዎቹን ከሄድፎኑ ጋር አስተያየች። ምንድነው ስትለኝ ሙከራ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር። አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። «ይሄን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለች። «እሱ እኮ ስልክ እንኳን የሚያወራው በቀኝ ጆሮው ብቻ ነው። ግራውን ትቶታል።»

ሕዝቅያስ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ሥራህን እንደተውክ እንጂ ጆሮህን እንደተውከው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር የምይዝበትን እጅ አያለሁ።

ቤት ሄጄ ለእናቴም ነገርኳት። ሙቀጫዋ መጥፋቱን ካወቀች ቆይታለች፣ የመሰላት ግን የሸጥኩት ነው። «ማል ጎቴ፣ ያ ኢልማ ኮ?» አለችኝ፣ ምን አደረግህ ልጄ ማለቷ ነው፤ አንተም ትሰማዋለህ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለአንተ እንዲደርስ ይመስል፣ «ሙቀጫው የእኔ ነበር፣ ይቅር። የሰው ጆሮ ግን የማን ነው?» አለች። ምሳ ሳታቀርብልኝ ወጣች።

መጀመሪያ ሽማግሌ ልልክብህ አስቤ ነበር። የሰፈራችንን ሽማግሌ ኦቦ ባጫን ላማክራቸው ደጃቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሽማግሌ ከገባ ሁለቱም ይነሡ፣ ሁለቱም ይቅር ይባባሉ ነው የሚባለው፤ አንተም ትንሽ አጥፍተሃል ተብለህ ትታረቃለህ። አንተ ምንም አላጠፋህም። ስለዚህ ብቻዬን መምጣት ነበረብኝ፣ ለመምጣት ደግሞ ፊት አጣሁና ደብዳቤ ጻፍኩ።

ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። እሑድ ሰበታ አዳራሻችሁ ሄድኩ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ፣ እዚያ ገብቼ አላውቅም፣ ጫማ ይወለቅ አይወለቅ እንኳ አላወቅሁም። አቶ ታመነ ከዝማሬው በኋላ ቆሜ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ፋብሪካው ጎድቶት ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሕዝቅያስ ጆሮ ምንም አልሆነም፣ እንጨቱን የለወጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አቶ ታመነ የሚክሰሩን ሣጥን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለኤዶም ሰጧት። አሁን እሷ ጋ ነው።

በል እንግዲህ ፌስታሉን ክፈተው። ያ ዝግባ ነው። ውስጡን እይ፣ ሁለቱ ዳዶዎች አሉ። በጥፍርህ ብትፍቀው ቀለሙ ይለቃል። ኤዶም ሄድፎኑንና ብሎን መፍቻ ይዛለች፤ ሦስት ብሎን ብቻ ነው። የእኔን ቃል እመን አልልህም፣ ቃሌን የምታምንበት ምክንያት የለህም። ጀርባህን ስጣት፣ አንዴ ዝግባውን፣ አንዴ ወይራውን ትግጠምልህ፣ አሥር ጊዜ ታድርገው፣ አንተ የቱ እንደሆነ ንገራት። ሽታው እንዳይነግርህ አፍንጫህን ያዝ።

እኔ እሷ ፊት ሞክሬያለሁ። ከአሥሩ አምስቱን አገኘሁ፤ ሳንቲም የሚወረውር ሰውም ያንኑ ያህል ያገኛል። ለሰው ሁሉ የእንጨት ድምፅ ሳስረዳ የኖርኩት ሰው ይህ ነው። ኤዶም ሰባቱን አግኝታለች፣ ያስተማርካት አንተ ነህና። አንተ አሥሩንም ታገኛለህ።

ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር የተነሣሁት፣ ስጽፈው ግን ቃሉ አነሰብኝ። ስለዚህ ሌላ ነገር ልለምንህ። አንድ ቀን፣ ዛሬም ይሁን ከወር በኋላ፣ ልትሰድበኝም ይሁን ልትጠይቀኝ፣ ደውልልኝ። ስትደውል ግን ስልኩን በግራ ጆሮህ ያዘው።

ዲሪባ
ቡራዩ፣ ግንቦት