የእህትህ ስኳር የአባትህ አይደለም

ይድረስ ለልጄ ለኤውሴቢዮ፤

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ማርያም ባለህበት ትጠብቅህ። በቆሎው ገብቷል፣ በመሬት መንቀጥቀጡ የተጎዳው ጣሪያም ተጠግኗል። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እህትህ ሲትላሊ ሁለት ቀን ራሷን ስታ ሰንብታ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች።

"የኢንሱሊን መርፌውን ማን ተዪ አለሽ?" ብላት "ኤውሴቢዮ በስልክ" አለችኝ። ስኳሩ የያዘሽ በመሬት መንቀጥቀጡ ደንግጠሽ ነው፣ አባባም ከስኳሩ የተሻለው በበለስ ቅጠል ጭማቂ ነው አልካት አሉ። ለመሆኑ እዚያ ሰው አገር ሰሃን ነው የምታጥበው ወይስ ሰው ታክማለህ?

ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። "የባለቤትዎ ሰውነት ኢንሱሊን ያመርታል፣ ግን በደንብ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ኪኒኑ፣ የምግብ ጥንቃቄውና የእግር ጉዞው ስኳሩን ይቆጣጠሩለታል። የልጅዎ ሰውነት ግን ማምረቱን አቁሟል። በድንጋጤ የመጣ አይደለም፣ ያለ መርፌም አትኖርም" አለችኝ።

ጭማቂውን እየጨመቀ ያጠጣት አባትህ ነው። አሁን ጓሮ ተቀምጦ ያለቅሳል። ያልቅስ፤ ቁጣዬ ለሁለታችሁም ይበቃል።

ዛሬ ጠዋት መርፌውን ይዤ ስቀርባት ምን አለችኝ መሰለህ? "መጀመሪያ ኤውሴቢዮ ካልፈቀደ አልወጋም።" ከሐኪሟም ከእኔም ይልቅ የምታምነው አንተን ነው።

ዕድሜ ይስጥህ ልጄ። ለእሷም እንዲሰጣት እባክህ ዛሬውኑ ደውልና "ተሳስቼ ነው" በላት።

እናትህ ኢፊሄኒያ