«ምስጢርሽ ምስጢራችን ነው» ላሉን ለራና ጉልፋራዝ ሳሂብ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ራና ጉልፋራዝ ሳሂብ፣
የኢንተርኔት ወንጀል መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሻህዲኮት

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ከወንበርዎ በላይ ቀን ከሌት ለሚደክመው የአየር ማቀዝቀዣ ሳይቀር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በሴቶች ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከረመዳን በፊት በነርሶች ኮሌጅ አዳራሽ «ወጣቶች ለምን የኢንተርኔት ወንጀል ሰለባ ይሆናሉ?» በሚል ርእስ የሰጡትን ትምህርት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ስለተከታተልኩ፣ የጋበዙንን ሳምቡሳ በልቼ ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ።

«ዝርክርክ ስለሆኑ ነው፤ ወላጅ ስለማይሰሙ ነው» አሉን። ከኋላዎ የተሰቀለው ጨርቅ ደግሞ «እህቴ፣ አትፍሪ፣ ንገሪን፤ ምስጢርሽ ምስጢራችን ነው» ይላል። አጠገቤ የነበረችው የእህቴ ልጅ ፈርዋ፣ የሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ፣ ይህን በደብተሯ ገለበጠችው። የተጻፈ ነገር ታምናለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከትምህርትዎ የተዘለሉትን ምክንያቶች በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. መታዘዝ። ፈርዋን ያጠመዳት ሰው ደውሎ «ልጄ፣ ከኮሌጁ መዝገብ ቤት ነው፤ ስልክሽ ላይ የገባውን ስድስት ቁጥር አንብቢልኝ፣ ፈተና እንዳያመልጥሽ» አላት። ትልቅ ሰው «ልጄ» ብሎ ሲያዝ «ለምን?» ማለት በቤታችን ብልግና ነውና አነበበችለት። የተያዘችው ወላጅ ስለማትሰማ ሳይሆን ከመጠን በላይ ስለምትሰማ መሆኑን በትሕትና ላስታውስዎ።

፪. ፎቶው። በዚያ ቁጥር መልእክቶቿን ከፍቶ ያገኘው «ጉድ»፣ በአክስቷ ልጅ ሠርግ ዋዜማ፣ በሂናው ዕለት፣ ሴቶች ብቻ በነበርንበት ክፍል፣ ራሷን ሳትሸፍን ስትጨፍር የተነሳችው ነው። ፎቶው ላይ እኔም እያጨበጨብኩ አለሁ፤ እኔን የሚያስፈራራ ግን አልተገኘም። እሷን «ከዚህ የባሰ ፎቶ ላኪልኝ፣ አለዚያ ይህን ለአባትሽ እልከዋለሁ» እያለ ሰባት ሳምንት አሰቃያት። አልላከችለትም።

፫. ጽሕፈት ቤትዎ። በጨርቅዎ ቃል ተማምና ብቻዋን መጣች። ጸሐፊዎ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «የማን ልጅ ነሽ? ከአባትሽ ጋር ነይ» አላት። «ወንድሜ፣ እባክህ፣ አባቴ እንዳይሰማ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» ብላ ለመነችው፤ የሰጣትን ቅጽ ሞልታ፣ ፎቶውን አስረክባ ወጣች። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ ሲም ካርድ የሚወጣው በአባቷ መታወቂያ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ባልደረቦችዎ ለስልኩ ባለቤት ደወሉ፤ አባቷን ከሱቁ አስጠርተው፣ ፎቶውን በቀለም አትመው፣ በአራት ወንዶች ፊት «ልጅህ ናት?» ብለው አስፈረሙት።

ያ ወራዳ ሰባት ሳምንት ሙሉ የዛተውን እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈጸማችሁት። ያስጠላል፣ ሳሂብ። የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው። ከዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

፬. አባቷ ስልኳን ሰበረ፤ ከኮሌጅ አስወጣት፤ ከዒድ በኋላ ባለው ዓርብ ሚስቱ ለሞተችበት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም ለማያንስ ዘመዱ ሊድራት ቀን ቆረጠ። «ምን አጠፋች?» ብዬ ስጠይቀው «እህቴ፣ ቢሮ ቆሜ በልጄ ፎቶ ላይ ፈርሜያለሁ እኮ! ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ከሚስቱም ከእኔም ይበልጥበታል።

ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ልጅቷ ተበዳይ ናት፤ ጥፋት የለባትም» የሚል፣ ማኅተምዎ ያረፈበት፣ ከዓርብ በፊት። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ «ጉዳዩ ምስጢር ስለሆነ ለእርስዎ አንነግርም» ተብያለሁ። ለአባቷ ሲሆን ያልታሰበው ምስጢር ለእኔ ሲሆን እንዲህ መከበሩ እንባዬን አምጥቶታል።

የልጃገረዶቻችን ጠባቂ ሆነው በወንበርዎ ላይ እንዲሰነብቱ በመመኘት፣ ፊትዎ ቆማ መልስ የምትጠብቅ ትሑት አገልጋይዎ፣
ተህሚና ቢቢ፣ ጡረተኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ ሌላ የኮሌጁ ተማሪ፣ ያው ሰውዬ እሷንም እንደያዛት አልቅሳ ነገረችኝ። ወደ እርስዎ ልውሰድሽ ብላት «ኧረ በአላህ፣ አክስቴ! እሱ እንኳ እስካሁን ለአባቴ አልነገረም» አለችኝ። ስለዚህ ሰውየውን የያዙት ዕለት፣ ወደ እስር ቤት ከመላክዎ በፊት፣ ስለ ምስጢር አጠባበቅ ለባልደረቦችዎ አጭር ሥልጠና እንዲሰጥልን ያድርጉ። ሳምቡሳውን እኔ አመጣለሁ።