ሰማያዊው ክዳን

መርካቶ፣ ጭድ ተራ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት ዘመድኩን፣ ድሬዳዋ

የኔ እናት ሳምሪ፣ እንደምን ከርመሻል? የእጅ ጽሑፉ የእኔ እንዳልሆነ ገና ስታዪው ታውቂያለሽ። የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ናኢማ ናት፣ ጀሪካን የምትሸጠው። እጄን የብረት ማጠቢያው ሶዳ ልጦኝ እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ። ስልኬን ስለማታነሺ ደብዳቤውን ሹፌሩ አለሙ ያደርስልኛል። እባክሽ ሳታነቢው አትቅደጂው።

ጋራዡ እንዳለ ነው። ደንበኛችን ጋሼ ቦጋለም ደህና ናቸው፤ ሰይቼንቶ መኪናቸው ግን አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሞተሯ እንደተፈታ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ለዚያች አሮጌ ፊያት ሞተሯ አናት ላይ የሚገጥም ቴስታታ ከየት ይምጣ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልግ ኖሬ፣ ባለፈው ወር ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች አንድ አገኘሁ። ኦሪጅናል አሉሚኒየም! እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ያመጣሁት።

በነጭ ጋዝ አጠብኩትና ጋዙ እንዲለቅ የውሃው በርሜል ነው ያልኩት ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን እንደያዝኩ ሽሽሽ እያለ ይፍለቀለቅ ጀመር። ሳምሪ፣ ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ሶዳ ለብረት ነው፤ አሉሚኒየምን ይበላዋል። በባዶ እጄ መንጭቄ አወጣሁትና ናኢማን ተጣራሁ።

«የያዝኩት ክዳን ቀለሙ ምንድነው?»

«ሰማያዊ ነዋ ጋሼ! ምን ሆነዋል?»

ቀዩ ክዳን የሶዳው፣ ሰማያዊው የውሃው ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሶዳውን የበጠበጥኩትም፣ ሰማያዊውን የከደንኩበትም እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ድርሽ አላለም።

የዛሬ ሁለት ዓመትም እኮ የከደንኩት እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። አንቺ የከተትሽው የመጀመሪያው ቴስታታ ተበልቶ ሲወጣ «አባዬ፣ በእማዬ አጥንት፣ ክዳኑ ሰማያዊ ነበር» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው ሁሉ ቆሞ እያየ «ውሸታም! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» ብዬ የመፍቻ ሳጥንሽን አስፋልት ላይ ወረወርኩት። መፍቻዎችሽን አንድ በአንድ ስትለቅሚ ቆሜ አየሁሽ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ናኢማ መጻፉን ትታ ታለቅሳለች። ጻፊ አንቺ! ይሄንንም ጻፊው።

የእጄን ነገር ዋሽቼሻለሁ። እጄስ ድኗል። ዓይኔ ነው፣ ሳምሪ። ገና ሳትሄጂ ቀለም ይምታታብኝ ነበር፤ መብራቱ ነው፣ መነጽሩ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም እስከ ፋሲካ ይቆያል ብዬ ቃል አልገባልዎትም» አለኝ። አሁን ሰው ፊቴ ሲቆም ጥላው ነው የሚታየኝ። በጣም ከቀረበኝ ግን ፊቱን አያለሁ። ፈራሁ፣ ልጄ። ያንቺን ሳላየው እንዳይጨልም ፈራሁ።

ቴስታታውን አልጣልኩትም። ሶዳው አጥቁሮ ቦርቡሮታል። ሳምንቱን ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በጣቴ እየዳበስኩ ፈገፈግኩት። ከዚያ በማወልወያ ቅባት አሸሁት። እርጥበት መልሶ እንዳያጠቁረው በመጨረሻ ስስ ሰም ቀባሁት፤ አንድ እጅ ብቻ። «ከወፈረ ቆሻሻ ይይዛል አባዬ» እያልሽ ስትቆጪኝ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ናኢማ «እንደ መስታወት ያበራል» አለችኝ። ጋሼ ቦጋለም መጥተው «አበጀህ፣ ያበራል» አሉኝ። ሰው ሁሉ ያበራል ይለኛል። አዝነውልኝ ይሆናል፤ አንዳቸውንም አላመንኩም።

ነይ ለማለት አፍ የለኝም። አለሙ ግን በሚመጣው ሐሙስ ከድሬዳዋ ወደዚህ ይመለሳል፣ ጋቢናው ባዶ ነው ብሎኛል።

የእናትሽ አምላክ ከክፉ ይጋርድሽ። እጅሽን ከእሳት፣ ልብሽን እንደኔ ካለ ሰው ይጠብቅልሽ። በገባሽበት ሁሉ ቃልሽን የሚያምን ሰው ይስጥሽ።

በርሜሎቹን ደፍቻቸዋለሁ። ቴስታታውን አልገጠምኩትም፤ ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጥተሽ «ያበራል» ካልሽኝ ያበራል ማለት ነው። «አያበራም» ካልሽኝም አምንሻለሁ።

አባትሽ ዘመድኩን

ፊርማው የራሴ ነው። ቦታውን ናኢማ እጄን ይዛ አሳየችኝ።