አባባ ጠይቆኛል

ለወንድሜ ለቀለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ተጣብቀህ ነው የምትውለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ ምን አከሉ? እኛ ደህና ነን። እማማ ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ ደህና ነው፤ እንዴት ደህና እንደሆነ ወረድ ስትል ታየዋለህ። እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ አለሁ።

መጽሐፍህ ደርሶኛል። በእንግሊዝኛ የጻፍኸው ልቦለድ በእኛ ቋንቋ ተተርጉሞ ሊወጣ መሆኑን፣ ለምረቃው ስትመጣም መድረክ ላይ አጠገብህ እንድቀመጥ መፈለግህን ከደብዳቤህ አየሁ። «ምንም መናገር አይጠበቅብሽም፣ እትዬ» ብለሃል። እሷን ነው አንጀቴ ያልቻላት።

እንደምታውቀው እንግሊዝኛ የለመድሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ካረፈ በኋላ የጓሮዋን ክፍል የተከራየኝ መምህር ሲዛወር አንድ ካርቶን ልቦለድ ትቶልኝ ሄደ። ሁሉም እንግሊዞች ቅኝ ይገዟቸው የነበሩ አገሮች ልጆች በገዢዎቻቸው ቋንቋ የጻፏቸው ናቸው። መዝገበ ቃላቱን ከክሩ ጎን አስቀምጬ፣ አንድ ቀሚስ ቀምቅሜ ትንሽ፣ ቁልፍ ተክዬ ትንሽ እያልሁ ዘለቅኋቸው። አንዷ ደራሲ የእናቷን ቃላት ሳትፈታ እንዳሉ ትተዋቸዋለች። አልገቡኝም፣ ግን አልከፋኝም። ከእናቷ ጋር እያወራች መሆኗ ገብቶኝ ጥግ ይዤ አዳመጥሁ። አንተ ግን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እኛ እንዴት ሰላም እንደምንባባል ለማስረዳት ግማሽ ገጽ ፈጅተሃል። ቀለሜ፣ ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ፊትህን ወደ ማን አዙረህ ነው የምታወራው?

ይህን እንኳ ስቄ አለፍሁት። ያላሳቀኝ የአባባ የእንጨት ሥራ ቤት የተቃጠለበት ምዕራፍ ነው። የሙጫ ማቅለጫውን እሳት ሳላጠፋ የወጣሁት እኔ እንደነበርሁ ለካ ታውቅ ኖሯል! እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዴ ይዤው ስብሰለሰል፣ ነገሩ አንተም ዘንድ ነበረ። ጥፋቱ በአንተ ተላክኮ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ከቤት ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ዝም ማለቴንም ጽፈሃል። ደግ አደረግህ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ከዚያ ግን ምን አልህ? «በዚያ አገር ሴት ልጅ በአባቷ ፊት የምትናገርበት አንደበት አልነበራትም» አልህ።

ለእማማ ከሰዓት ከሰዓት እየተረጎምሁ አነብላታለሁ። እሳቱን የተውሁት እኔ መሆኔን ሳነብላት «ቀጥይ» ብቻ ነበር ያለችኝ። እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ግን ትራሷን ገፍታ ተነሣች። «ምን? አባትሽ በስምሽ ጠርቶ ‹አንቺስ ምን ትያለሽ?› አላለሽም? እኔ እዚያው ቆሜ! ይሄ ልጅ ሰው አገር ተቀምጦ ባሌን አውሬ አደረገብኝ እኮ!» አለች። ትራሷን መልሳ ተደግፋ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺንም ምላስሽን ቆርጦ ነው የላከሽ» አለችኝ።

እንግዲህ ስማኝ። አባባ ጠይቆኛል። ጠይቆም ጠብቆኛል፤ አመዱን ከእጁ ሳያራግፍ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠብቆኛል። አንደበት ነበረኝ። ያልተናገርሁት ለራሴ ሳስቼ ነው። ዝም ማለትና አንደበት ማጣት ለየቅል ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በስተርጅና ከእጄ ነጥቀህ ለአገር ልማድ አትስጥብኝ። የማያውቀኝ ሰው አንብቦ «አይ ምስኪን» እንዲለኝ አልፈልግም። ይቅር የምትለኝ ከሆነ እያወቀች የበደለችህን እህትህን ይቅር በል እንጂ፣ ዲዳ አድርገህ አትማረኝ።

የካርቶኑ ልቦለዶች ደራሲዎች ስለ እናቶቻቸውና ስለ እህቶቻቸው የነገሩኝን ሁሉ አምኜ ነበር። አሁን መጽሐፎቹን መልሼ ስገልጣቸው፣ ከእነዚያ እናቶችና እህቶች አንዷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይህን ሲጽፉብኝ ማን ጠየቀኝና?» ስትል ትታየኛለች።

ስለዚህ ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጣት። በእኛ ቋንቋ የሚወጣው አባባን በሕይወት ሳለ በሚያውቁት ሰዎች እጅ ይገባል፤ የእንግሊዝኛውንም ዳግም ሲታተም ታርመዋለህ። ለታሪኩ ውበት ነው እንዳትለኝ። እኔም ቀሚስ አጥብቤ የሰፋሁ ቀን ደንበኞቼን እንደዚያ እያልሁ ነው የምሸውዳቸው።

አወጣሃትም አላወጣሃትም ለምረቃው እመጣለሁ። ጥቁር አልለብስም፤ ለራሴ ቀይ ሰፍቻለሁ። አጠገብህ እቀመጣለሁ። ያንን ገጽ አንብብና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንደ አባባ በስሜ ጠርተህ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» በለኝ። ማይክራፎኑንም ወደ እኔ ጠጋ አድርገው። ያን ቀን እንዳደረግሁት አላስጠብቅም።

ባለቤትህን ናፍቃኛለች በልልኝ። ትልቋ ልጅህ ማንበብ መውደዷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አክስትሽ አባትሽንም ቢሆን እያጣራሽ አንብቢው ብላሻለች በላት። የትንሹን ጉንጭ ሳምልኝ። እማማ «መጀመሪያ ባሌን ይመልስልኝ፣ ከዚያ ይሳመኝ» ብላለች። አልጋህን ግን ከወዲሁ አንጥፋልሃለች።

እትዬህ

አባባ ከቃጠሎው በኋላ መልሶ ከሠራው ቤት፣
ግንቦት ፬ ቀን