አባትህና የሞፕሲ ኪኒን

ዊትቢ

ለምወድህ ልጄ ለደንከን፣

የካናዳ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን።

ድመታችን ሞፕሲ ዳነችልህ! ስትበላ እየዋለች የከሳችው የአንገቷ እጢ ከልክ በላይ እየሠራ ስለሆነ ነው ተብሎ ነበር። አባትህ ጠዋትና ማታ ኪኒኗን ሰርዲን ውስጥ ደብቆ ያበላታል፤ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። ትናንት የእንስሳት ሐኪሟ መዘነቻትና፣ "አቶ ፐርሲ፣ እንደ እርስዎ ያለ የድመት ባለቤት አላየሁም!" አለችው። ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ እኔም ኮራሁበት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ እያጠረው ሁለቴ ቆመን ባሕሩን አየን።

"የራስህንስ የልብ ኪኒን ዋጥክ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ድመት ነኝ እንዴ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ትንሽ ብታስቀድመው ደስ ይለዋል። ኪኒኑን እንዲውጥ አንተ ስትነግረው እሺ ይላል።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

እናትህ ዊኒፍሬድ